መድኃኒቱ ሲሠራ የተረሳው ዘር፦ የሚኒሶታ አኩሪ አተርና የክሽክሽ ታሪክ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖር ሐበሻ ይህን ታሪክ በቁርጥራጩ ያውቀዋል። የመኸሩ ቅዝቃዜ ሲጀምር ብርቱካንማ ጥንዚዛዎች በመስኮቱ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ቀዳዳ ካገኙም ሳሎን ይገባሉ። በየመናፈሻው በጎ ፈቃደኞች መጋዝ ይዘው አንድ እልኸኛ ቁጥቋጦ ሲቆርጡ ይውላሉ። ከከተማ ወጣ ሲል ደግሞ የአኩሪ አተር ማሳ ዓይን እስከሚደርስበት ተዘርግቶ፣ አንዳንዴ ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን መድኃኒት ሲረጭበት ያያል። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ አንዲት ነፍሳት ናት፤ በእኛ አገር ገበሬው ክሽክሽ ከሚላቸው ወገን። እሷን የሚቋቋም ዘር ለማግኘት የተደረገው ጥረት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሥሩ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል። ካልተለየ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1873 እስከ 1888፦ ከአንበጣ እስከ ሙከራ እርሻ

ሚኒሶታ ነፍሳት አዝመራን ምን ሊያደርግ እንደሚችል የተማረችው በአንበጣ ነው። ከ1873 እስከ 1877 ከሮኪ ተራሮች አቅጣጫ የሚመጣ መንጋ የደቡብ ምዕራቡን ሰፋሪ ገበሬ ለዓመታት ባዶ እጁን አስቀረው። በእኛ 2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በራያና በወሎ የደረሰ ማሽላ በአንበጣ ሲወድም ያየ ሰው የዚያን ጊዜውን ገበሬ ሐዘን ለመረዳት አይቸገርም። መከላከያ አልነበረም። የግዛቲቱ ገዥ ጆን ፒልስበሪ ኤፕሪል 26 ቀን 1877ን የጸሎት ቀን አድርገው አወጁ። በዚያው ዓመት መንጋው ለቆ ሄደ። የአንበጣው ዝርያ ራሱ ከጊዜ በኋላ ከምድር ጠፋ፤ በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው በ1902 ነበር።

የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1882 ከሴንት ፖል ዳር ለእርሻ የሚሆን መሬት ገዛ። በ1888 ኦቶ ሉገር የሚባል የነፍሳት ተመራማሪ ቀጠረ። ያ መሬት ዛሬ ፎልከን ሃይትስ በምትባለው ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ በየዓመቱ ትልቁ የግዛቲቱ ባዛር ከሚካሄድበት ቦታ ጎን ይገኛል። በላርፔንተር ጎዳና የሚያልፍ መንገደኛ በከተማ መሃል በቆሎና አኩሪ አተር በቅሎ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። የነፍሳት ተመራማሪዎቹ የሚሠሩበት ሆድሰን ሆልና የሰብል አዳቃዮቹ የሚሠሩበት ቦርሎግ ሆል በዚሁ ግቢ አሉ። ሁለተኛው ሕንፃ የተሰየመው እዚሁ ተምረው የኖቤል የሰላም ሽልማት ባገኙት በኖርማን ቦርሎግ ነው። የነፍሳት ሰውና የዘር ሰው በአንድ ግቢ መኖራቸው በኋላ ብዙ ጠቅሟል።

ከ1929 እስከ 1978፦ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ

አኩሪ አተር ለአሜሪካ እንግዳ ሰብል ነው። መነሻው ምሥራቅ እስያ ነው። ከ1929 እስከ 1931 ዶርሴትና ሞርስ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ጃፓንን፣ ኮሪያንና ቻይናን ዞረው ከ4,000 በላይ የአኩሪ አተር ናሙና ሰበሰቡ። የሚያሳዝነው፣ የሚጠብቃቸው ቋሚ ማከማቻ ስላልነበረ ብዙዎቹ ናሙናዎች ከመጡ በኋላ ጠፉ። የአኩሪ አተር ዘር ስብስብ በመንግሥት ደረጃ የተደራጀው በ1949 ነው፤ ዛሬ በኢሊኖይ፣ ኧርባና ከተማ ይገኛል። ከጠፉት መካከል ስንቱ ለዛሬ ተባይ መልስ ይዞ እንደነበር ማሰብ ያንገበግባል።

በሴንት ፖል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዣን ላምበርት የተባለ አዳቃይ የያዘው ሥራ ዘሩን ከሰሜኑ አጭር የእርሻ ወቅት ጋር ማስማማት ነበር። አኩሪ አተር የቀንና የሌሊትን ርዝመት ቆጥሮ የሚያብብ ተክል ነው። ለደቡብ የተፈጠረ ዝርያ ሚኒሶታ ላይ ቢዘራ ውርጭ እስኪመጣ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ፍሬው አይደርስም። ላምበርትና ከእሱ በኋላ የመጣው ጄምስ ኦርፍ ቶሎ የሚደርሱ፣ ምርታማ፣ በሽታ የሚችሉ ዝርያዎችን እያወጡ ሰብሉን ወደ ሰሜን ገፉት። የዛሬዪቱ ሚኒሶታ ወደ 7 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም 2.8 ሚሊዮን ሄክታር ያህል አኩሪ አተር ታለማለች።

ተባይስ? ተባይ የመቋቋም ሳይንስ በዚያ ዘመን አልጠፋም። የካንሳሱ ሬጂናልድ ፔይንተር በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ ተክል ነፍሳትን የሚቋቋምባቸውን መንገዶች በሦስት ከፍሎ አስቀምጧል፦ ነፍሳቱ ተክሉን ንቆ ይተወዋል፣ ወይም በልቶት ይታመማል፣ ወይም ተክሉ እየተበላም ምርቱን ይሰጣል። ሆኖም በሚኒሶታ አኩሪ አተር ላይ በየዓመቱ የሚያስጨንቅ ነፍሳት ስላልነበረ ይህን ከአዳቃዮቹ የጠየቀ አልነበረም።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ መነገር ያለበት ነገር አለ። በሴንት ፖል ለአሥርት ዓመታት የገብስ አዳቃይ የነበረው ዶናልድ ራስሙሰን፣ ወደ ሚኒሶታ ከመምጣቱ በፊት በካሊፎርኒያ ቻርለስ ሻለር ከተባለ ተመራማሪ ጋር የሠራው በገብስ ቢጫ አቀንጫሪ ቫይረስ ላይ ነበር። ቫይረሱን ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ክሽክሽ ነው። እነ ሻለር ቫይረሱን የሚቋቋመውን ጂን ያገኙት ከኢትዮጵያ በተወሰዱ የገብስ ናሙናዎች ውስጥ ነው፤ ጂኑ ዛሬም በብዙ አገሮች የገብስ ዝርያ ውስጥ ይሠራል። የደጋ ገበሬያችን ከዘመን ዘመን ሲመርጥ የኖረው ገብስ የካሊፎርኒያን ማሳ ታድጓል።

በዚሁ ዘመን ጃክሰንና ዳውሊንግ የሚባሉ ሁለት የአኩሪ አተር ዝርያዎች ለአሜሪካ ደቡብ ወጡ፤ ዳውሊንግ በ1978። አንዳቸውም በክሽክሽ አልተፈተኑም፤ አኩሪ አተር የሚበላ ክሽክሽ በአህጉሩ ላይ አልነበረምና።

ከ2000 እስከ 2003፦ የጌሾ ዘመድ ያስጠለለው እንግዳ

በጁላይ 2000 በዊስኮንሲን ማሳዎች ቅጠል ሥር ቢጫማ ክሽክሽ ተገኘ። የእስያው የአኩሪ አተር ክሽክሽ መሆኑ ሲረጋገጥ የእርሻ ወቅቱ ገና አላለቀም ነበር። በዚያው ዓመት ሚኒሶታን ጨምሮ በ10 ግዛቶች ታየ፤ በ2003 20 ገደማ ግዛቶችንና ሦስት የካናዳ አውራጃዎችን አዳረሰ።

የፍጥነቱ ምክንያት አወላለዱ ነው። በሞቃቱ ወራት ወንድ የለም። ሴቶቹ ያለ ወንድ፣ ያለ እንቁላል፣ ሕያው ልጅ ይወልዳሉ፤ የምትወለደውም ልጅ ሽሏን በሆዷ ይዛ ትወጣለች። በአንድ የእርሻ ወቅት ከ15 በላይ ትውልድ ሊፈራረቅ ይችላል። መንጋው የተክሉን ጭማቂ ይመጥጣል፤ ከኋላው የሚያንጠባጥበው ጣፋጭ ፈሳሽ ቅጠሉን ያጣብቅና ጥቁር ሻጋታ ያበቅልበታል። ክፉ ዓመት ሲሆን እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ምርት ይጠፋል።

ብርዱስ እንዴት አልገደለውም? መልሱ በየመናፈሻው በሚቆረጠው ቁጥቋጦ ላይ ነው። ክሽክሹ መኸር ሲደርስ ክንፍ አውጥቶ ወደ ባክቶርን ይሄዳል። ባክቶርን ራምነስ የሚባለው ወገን ነው፤ ጠላና ጠጅ የምንጠምቅበት ጌሾም ከዚሁ ወገን ነው። ወንድና ሴት የሚገናኙት በዚህ ተክል ላይ ብቻ ነው፤ እንቁላሉም ከእንቡጡ ሥር ተጣብቆ የብርዱን ወራት ያልፋል። የሴንት ፖል ተመራማሪዎች በ2005 እንዳሳዩት እንቁላሉ የሚቀዘቅዘው ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ነው። ሚኒሶታ እንኳ እንዲህ የምትሆነው በጥቂት ቀናት ነው።

ባክቶርንን ማንም በድንገት አላመጣውም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከአውሮፓ ለአጥር ተብሎ የመጣ ነው። ችግኝ ሻጮች በ1930ዎቹ መሸጥ ቢያቆሙም ወፎች ፍሬውን እየበሉ በየጫካው ዘርተውት ነበር። የዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ሃይምፐልና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጽሑፍ ሰንሰለቱን ዘርዝረውታል፦ የአውሮፓ ቁጥቋጦ ለእስያ ክሽክሽ ቤት ሆነው፤ ክሽክሹም ሌላውን የእስያ እንግዳ፣ ባለብዙ ቀለሙን ጥንዚዛ መገበ። አጨዳ ሲያልቅ ምግብ ያጣው ጥንዚዛ መጠለያ ፍለጋ ወደ ቤታችን ይመጣል።

2003 የከፋ ዓመት ሆነ። ለነፍሳት ብሎ አኩሪ አተር ረጭቶ የማያውቅ ገበሬ አውሮፕላን ተከራየ።

ከ2004 እስከ 2009፦ ሁለት መልሶች

የመጀመሪያው መልስ ከሴንት ፖል ወጣ። ዴቪድ ራግስዴልና በስድስት ግዛቶች ያሉ ባልደረቦቹ በሦስት ዓመት 19 የማሳ ሙከራ አድርገው ውጤቱን በ2007 አወጡ። በአንድ ተክል ላይ ያለው ክሽክሽ በአማካይ 250 ሲደርስና ቁጥሩ እየጨመረ ከሆነ ይረጭ፤ ከዚያ በታች ግን ገበሬው ይታገስ፣ አዳኝ ነፍሳቱ ሥራቸውን ይሥሩ። ክሽክሹ የመርጫውን ወጪ የሚያህል ጉዳት የሚያደርሰው 674 ገደማ ሲሆን ነው፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ለገበሬው ሰባት ቀን ያህል የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጠዋል። የ250ው ቁጥር እስከ ዛሬ በመላው የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ይሠራበታል፤ ስንት ሊትር መርዝ ከመሬት እንዳስቀረ ሲታሰብ ከታላላቅ ሥራዎች ይቆጠራል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው መልስ ዘር ነበር። በኢሊኖይ ከርቲስ ሂል፣ ያን ሊና ግሌን ሃርትማን በመስታወት ቤት ችግኝ እያበቀሉ፣ ክሽክሽ እያስቀመጡ፣ ከሳምንታት በኋላ ይቆጥሩ ጀመር። በ2004 ያሳተሙት ውጤት አስደንጋጭ ነው፤ በወቅቱ በሰሜን አሜሪካ ከሚዘሩት ዝርያዎች ከ1,400 በላይ ተፈትነው አንዱም አልተቋቋመም። ከጥቂት አባቶች የተወለደ ሰብል አንድ ዓይነት ድክመት ይጋራል። የተቋቋሙት እነዚያ የደቡብ ዝርያዎች፣ ጃክሰንና ዳውሊንግ፣ እንዲሁም ከእስያ የመጣ አንድ አሮጌ ናሙና ነበሩ። በዳውሊንግ ላይ የተቀመጠ ክሽክሽ ጥቂት ይወልዳል፣ ቶሎም ይሞታል። ይህን የሚያደርገው አንድ ጂን መሆኑ በ2006 ታውቆ ራግ1 ተባለ። ቀጥሎ ራግ2 ከጃፓን ከመጣ ሌላ ናሙና ተገኘ፤ የሚቺጋን ተመራማሪዎችም ከቻይና ናሙናዎች ሌሎች ጂኖች አወጡ።

ጂን ማግኘትና ዘር ማግኘት ግን የተለያዩ ናቸው። ዳውሊንግ የሩቅ ደቡብ ዝርያ ስለሆነ ሚኒሶታ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ከሰሜን ዝርያ ጋር ይዳቀላል፤ ከልጆቹ ጂኑን የያዘው ተለይቶ እንደገና ከሰሜኑ ወላጅ ጋር ይዳቀላል፤ ይህ እየተደጋገመ የደቡቡ ደም ሲሳሳ ጂኑ ብቻ ይቀራል። የዘረመል ምልክት በመጠቀም ከችግኝ ቅጠል ቁራጭ ጂኑ መኖሩን ማወቅ ስለተቻለ ሥራው ፈጠነ። እንዲያም ሆኖ ዓመታት ይወስዳል።

ዘሩ ገበያ ሳይደርስ ግን መጥፎ ዜና መጣ። በ2008 የታተመ ጥናት ከኦሃዮ የተሰበሰበ ክሽክሽ ራግ1 ባለው ተክል ላይ እንደ ልቡ እንደሚራባ አሳየ። በባክቶርን ላይ በየዓመቱ የሚደረገው ጋብቻ ጂኖችን ስለሚቀያይር ተባዩ አዲስ ጠባይ የሚያወጣበት መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ነው። በኋላ ራግ2ን የሚያልፍ ሦስተኛ ዓይነት፣ ከዚያም በዊስኮንሲን ሁለቱንም የሚያልፍ አራተኛ ዓይነት ተገኘ።

ከ2010 እስከ 2014፦ ያልተገዛው ዘር

በ2010 ራግ1 ያለባቸው ዝርያዎች ለገበሬ ቀረቡ። ብዙ አልተሸጡም። የዚህ ታሪክ ወሳኙ ነጥብ ይህ ይመስለኛል።

ገበሬው ዘር ሲገዛ በመጀመሪያ የሚያየው ምርታማነቱንና የትኛውን የአረም መድኃኒት እንደሚችል ነው። ክሽክሹ ደግሞ በየዓመቱ እኩል አይመጣም። ከመጣም ፓይረትሮይድ የተባሉት መድኃኒቶች ርካሽ ነበሩ፤ ከሌላ ርጭት ጋር ተቀላቅለው በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። የዘር ድርጅት ደግሞ ያልተጠየቀውን ጂን በምርጥ ዝርያዎቹ ላይ ለመጨመር ገንዘብ አያወጣም። ዘሩን አጥብቀው የፈለጉት መርጨት የማይፈቀድላቸው የተፈጥሮ ግብርና ገበሬዎች ነበሩ፤ እነሱም ጥቂት ናቸው።

ሌላው ልማድ ዘሩን ራሱን በፀረ-ነፍሳት ለብጦ መዝራት ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2014 መርምሮ ለአኩሪ አተር ጥቅሙ እጅግ አነስተኛ ወይም ምንም እንደሆነ ደመደመ። ክሽክሹ ማሳው ላይ በሚበዛበት ጊዜ ልብጡ አቅሙን ጨርሶ ይገኛልና። ገበሬው ለማይሠራ መከላከያ ሲከፍል የሚሠራው ዘር መጋዘን ተቀምጦ ነበር።

ክሽክሹን በተፈጥሮ ጠላቱ የመግታት ሙከራም ነበር። ሃይምፐልና ባልደረቦቹ በ2007 ከእስያ ያመጡትን ጥገኛ ተርብ በጥንቃቄ መርምረው ለቀው ነበር፤ ተርቡ ግን አገሩን አልለመደም። አፌሊነስ ሰርተስ የተባለ ሌላ ጥገኛ ተርብ ሳይጠራ መጥቶ ሥራውን ጀመረ።

በ2014 የሚኒሶታ ምክር ቤት በወራሪ ተክሎችና ተባዮች ላይ የሚሠራ የምርምር ማዕከል በዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንዲቋቋም ገንዘብ መደበ። ጊዜው የደረሰ ውሳኔ ነበር።

ከ2015 እስከ 2023፦ መድኃኒቱ ሲከዳ

በ2015 የሚኒሶታ ገበሬዎች ረጭተው ሲመለሱ ክሽክሹን በቦታው አገኙት። የነፍሳት ተመራማሪው ሮበርት ኮክና ባልደረቦቹ ከማሳዎቹ ነፍሳት ወስደው በቤተ ሙከራ ሲፈትኑ ነገሩ የርጭት ጉድለት እንዳልሆነ ተረጋገጠ፤ ክሽክሹ ፓይረትሮይድን ተላምዷል። በተከታዮቹ ዓመታት ተመሳሳይ ነገር በአዮዋ፣ በሁለቱ ዳኮታዎችና በካናዳዋ ማኒቶባ ታየ። ሌላው የቆየ መድኃኒት ክሎርፒሪፎስ ደግሞ ለልጆች አእምሮ ጎጂ ነው በሚል የረጅም ዓመታት ክርክር ተይዞ ነበር። መንግሥት በ2021 በምግብ ሰብል ላይ እንዳይውል ወሰነ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2023 ውሳኔውን ሻረው። ሲፈቀድና ሲከለከል በሚውል መድኃኒት ላይ ተመርኩዞ ማቀድ አይቻልም።

ያን ጊዜ ዘሩ ታወሰ። ችግሩ እስከዚያ የተገኙት ጂኖች በአብዛኛው ከመካከለኛውና ከደቡቡ ዝርያዎች ጋር የተሠሩ መሆናቸው ነው። ሃንሰን፣ ኦርፍና ኮክ በ2016 ባሳተሙት ሥራ ቶሎ ከሚደርሱ፣ ለሰሜን ከሚስማሙ ናሙናዎች መካከል ክሽክሽን የሚቋቋሙትን ፈልገው አገኙ። ኦርፍን የተካው አዳቃይ አሮን ሎሬንዝ ከኮክ ጋር ሆኖ በአዲሱ ማዕከል ድጋፍ ራግ ጂኖችን በሚኒሶታ ምርጥ ዝርያዎች ውስጥ ማስገባት ጀመረ። በ2018 ከሌሎች ግዛቶች ተመራማሪዎች ጋር በመሆን መላውን የተክሉን ዘረመል አስሰው፣ ከታወቁት ራግ ጂኖች ውጭ ተባዩን ለመቋቋም የሚረዱ ሥፍራዎችን ለዩ።

በዚህ ዙር አሠራሩ ተለውጧል። በአንድ ጂን ላይ መተማመን ቀርቶ ሁለትና ከዚያ በላይ በአንድ ተክል ላይ ይደረባሉ፤ የአዮዋ ሙከራዎች ራግ1ና ራግ2 አንድ ላይ ሲሆኑ ክሽክሹ ብዙ ጊዜ ከ250 በታች እንደሚቆይ አሳይተዋል። አንዱን ጂን ያለፈ ክሽክሽ ሌላው ይጠብቀዋል። ሁለቱንም የሚያልፈው ዓይነት ስላለ ሦስተኛ ያስፈልጋል። ተክሉ የክሽክሹን መራባት ካዘገየው ደግሞ ጥንዚዛውና ተርቡ የቀረውን ለመጨረስ ጊዜ ያገኛሉ። እዚህ ላይ ዘሩ፣ አዳኝ ነፍሳቱና የ2007ቱ ቁጥር አብረው ይሠራሉ።

በ2018 ሌላ ተባይ ራሱን አሳወቀ። የአኩሪ አተሩን ግንድ ከሥሩ የሚበላ ብርቱካንማ ትል በሚኒሶታና በአጎራባች ግዛቶች የማሳ ዳር ተገኘ፤ በ2019 ለሳይንስ አዲስ የሆነ የትንኝ ዝርያ እንደሆነ ተረጋግጦ ስም ወጣለት። ትሉ ከግንዱ ልጣጭ ሥር ስለሚደበቅ ርጭት በቀላሉ አይደርስበትም፤ ለእሱም የሚቋቋም ዘር ያስፈልጋል።

ወዲህ ወደ እኛ

የሚቋቋም ዘር የሚጠይቅ እንግዳ ተባይ በእኛም አገር አለ፦ የአተር ነቀዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባ ተባይ ነው። በአማራ ክልል በሰቆጣ አካባቢ ገበሬው አተር ለመዝራት እስኪፈራ ድረስ ጎድቶታል። በ2015 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባው የጂን ባንክ የተወሰዱ የአገር አተር ናሙናዎችን ፈትኖ ነቀዙ እምብዛም የማይጎዳቸውን ለይቷል። ከዚያ ወደ ገበሬው ማሳ የሚወስደው መንገድ የዳውሊንግ ጂን በሰሜኑ ዝርያ ውስጥ እስኪገባ የተሄደበት ረጅም መንገድ ነው፦ ማዳቀል፣ መለየት፣ መልሶ ማዳቀል፣ መፈተን። ለዚህ የሚሆን በጀት በየዓመቱ ሳይቆራረጥ መመደብ አለበት፤ በሴንት ፖልና በሌሎች የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ኢትዮጵያውያን አዳቃዮችም በዚህ ሥራ ላይ እጃቸውን እንዲያሳርፉ ይጋበዙ። ናሙናዎቹ በጂን ባንኩ አሉ፤ ፈተናውም ተጀምሯል።